ከቦሌ እስከ ደለስ (የዋሽንግተን አየር ማረፊያ) በትክክል ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በሚቀጥለው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ትመጣለች። 71 ዓመቷ ነው፤ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። የ7 ዓመቷ ልጄ ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ለጥፋ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ቀይ መስመር ሠርታለች። ከመስመሩ ሥር "አያቴ የምትመጣው" ብላ ጽፋ፣ ቀጥሎ ለቁጥሩ ባዶ ቦታ ትታለች። ቁጥሩን የምነግራት እኔ ነኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንዱ 11,560 ይላል። ሌላው 11,830። አንዱ 7,185፣ አንዱ ደግሞ 6,240። አንድ መንገድ እንዴት አራት ርቀት ይኖረዋል?

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ቲኬቷ ላይ ስትመጣ ደብሊን አርፋ በጠቅላላው ከ16 ሰዓት በላይ ነው፤ ስትመለስ ግን ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት አካባቢ። መንገዱ ያው አይደል እንዴ? አየርላንድ ድረስ ምን ይወስዳቸዋል? ልጄ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ለልጅ በሚገባ መንገድ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ያገሬ_ልጅ፦
እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከአራቱ ቁጥሮች ሦስቱ አንድ ናቸው። 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። 7,185 ያው ርቀት በማይል ነው። 6,240 ደግሞ በባሕር ማይል፤ አብራሪዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት ነው፣ አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ድረ ገጾቹ መለኪያውን በደንብ ስለማይጽፉ ነው ሰው የሚደናገረው። 11,830ው ግን ከየት እንደመጣ እኔም አልገባኝም።

ክርና_ሉል፦
ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ 22 ዓመት ቆይቻለሁ። ልጅሽ የሠራችው ሥራ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔም በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ጋር የምሠራው ይህንኑ ነው።

11,830 የመጣው ከደብሊን ነው። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደብሊን ዋሽንግተን ደለስ 5,465። ደምሪው። አንዱ ድረ ገጽ ቀጥታውን ለክቷል፣ ሌላው እናትሽ የምትመጣበትን።

አሁን ልብ በይ። ልዩነቱ 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ተማሪዎቼ በጭራሽ የማያምኑት ነገር ነው። አየርላንድ ወዲያ ማዶ ሰሜን ናት፤ ከቀጥታው መስመር 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ትላለች፤ እዚያ ደርሶ ለመመለስ ግን የሚጨመረው ከአዲስ አበባ ጅማ ከመሄድ ያነሰ ነው። ሉል ላይ ረጅም መንገድ ስትሄጂ፣ መሃል ላይ ወደ ጎን ማለት የሚያስከፍለው ጥቂት ነው።

ሉል ካላችሁ ይህን ሞክሩ። የፈትል ክር ውሰዱ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በጣት ያዙ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ወጥራችሁ ሳቡት። ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ ያገኘዋል። በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የትምህርት ቤት ሉል ላይ 27 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። እዚያ ሉል ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አባዙት፣ 11,500 አካባቢ ታገኛላችሁ። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፣ ምክንያቱም ራሷ ለካችው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ በማስመሪያ የሠራችው መስመር በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ ነው አትላንቲክ የሚገባው። አየርላንድ ከዚያ መስመር በጣም ሩቅ ነው። ካርታው ተሳስቶ ነው?

ክርና_ሉል፦
ካርታው አልተሳሳተም፣ ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ብርቱካን ልጠሽ ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት ሞክሪ፤ ወይ ይቀደዳል ወይ ይለጠጣል። ካርታ የሚሠሩ ሰዎች እንዳይቀደድ ለጥጠውታል፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በሄድሽ ቁጥር ልጠጣው ይብሳል። ስለዚህ ማስመሪያ ያሳየሽ ቀጥታ፣ መሬት ላይ ቀጥታ አይደለም። በልጅሽ መስመር ልክ ቢበረር 12,090 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ከክሩ መንገድ 530 ይበልጣል። በደብሊን ከመሄድም ይረዝማል።

የክሩ መንገድ የሚሄደው በሱዳንና በሊቢያ ነው። ከዚያ ደቡብ ቱኒዝያ፣ አልጄሪያ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ስፔንና ፖርቱጋል። አትላንቲክ መሃል ላይ ከእናንተ ቤት በላይ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ 45 ዲግሪ ገደማ ይደርስና ቁልቁል ይወርዳል። አሜሪካን የሚነካው በኒው ጀርሲ በኩል ነው። ቀዩን መስመር አታጥፉት። በሌላ ቀለም ቅስት አድርጋ ሁለተኛውን ትሥራ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው ነገሩ የሚገባው።

ሒሳቡን ለሚፈልግ ደግሞ፦ ከምድር መሃል ሆኖ ወደ ሁለቱ ከተሞች ሁለት መስመር ቢዘረጋ በመካከላቸው 104 ዲግሪ አለ። ምድር ላይ አንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ነው። በቃ።

የሃንጋር_ሰው፦
ስለ ማረፊያው እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ አውሮፕላን ጥገና ነው።

ዋናው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። ደለስ 95 ሜትር ላይ። ቦሌ ባለበት ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛው ያህል ይጎድላል። አውሮፕላን የሚነሳው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚስበው ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሳል። ስለዚህ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት፣ የበለጠ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ጎማውም የራሱ የፍጥነት ጣሪያ አለው፣ ከዚያ በላይ መሬት ላይ መሮጥ አይችልም። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ይብሳል።

ድሪምላይነር 787-9 በፋብሪካው ወሰን እስከ 254 ቶን ከብዶ መነሳት ይችላል። ከቦሌ ግን ያን ሁሉ ይዞ አይነሳም። ምን ይቀነስ? ሰው መቀነስ አይፈልጉም፣ ሻንጣም ካርጎም መቀነስ አይፈልጉም። የሚቀነሰው ነዳጅ ነው። ነዳጅ ሲቀነስ አንድ ቦታ ወርዶ መቅዳት ግድ ነው። ደብሊን ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፣ እዚያ ሞልቶ እንደ ልቡ ይነሳል።

ስትመለስ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ደለስ ዝቅ ያለ ነው፣ ከነሙሉ ነዳጁ ይነሳል። ቦሌ ሲደርስ ደግሞ ነዳጁን አቃጥሎ ቀሎ ነው የሚያርፈው።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። እዚያ ላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ክረምታቸው ላይ አንዳንዴ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ስትመጣ ፊት ለፊት ይገፋታል፣ ስትመለስ ከኋላ ይገፋላታል። ለምሳሌ በሰዓት 900 የሚበር አውሮፕላን በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢገጥመው 11,560ውን በ13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢሆን 12 ሰዓት። መሬቱ ላይ ርቀቱ አልተለወጠም፤ አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ የሚሄደው ግን ሌላ ነው።

ለልጅሽ፦ ሽቅብ ከነፋስ ጋር እየታገሉ ብስክሌት መንዳትና ቁልቁል ነፋስ ከኋላ ሆኖ መንዳት በያት። መንገዱ አንድ ነው፣ እግር ግን ያውቀዋል።

የፒያሳ_ነገር፦
ወንድሜ ይቅርታ አድርግልኝና በዚህ አልስማማም። 787-9 እኮ ከ14,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል ይባላል። 11,560 ምኑ ነው? ለገንዘብ ነው የሚያርፉት ባይ ነኝ፣ ነዳጅ ርካሽ የሆነበት ቦታ።

የሃንጋር_ሰው፦
14,010 የሚለው ቁጥር ልክ ነው። ግን ያ ቁጥር አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል ሙሉ ክብደቱን ይዞ ሲነሳ፣ ነፋስ በሌለበት የሚገኝ ነው። ከቦሌ ለማይነሳ ክብደት የተሰላ ርቀት ለቦሌ አይሠራም። ነዳጅም ራሱ ሸክም ነው፦ 787 በሰዓት 5 ቶን ገደማ ያቃጥላል። ለ14 ሰዓት 70 ቶን፣ ከዚያ ለመጠባበቂያ ሌላ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሚቃጠለው ነዳጅ ጥቂት የማይባለው ሌላውን ነዳጅ ለመሸከም ነው።

ደግሞ ማረፍ ርካሽ አይደለም። የማረፊያ ክፍያ አለ፣ ወርዶ እንደገና መውጣት ነዳጅ ይበላል፣ ሰዓት ይሄዳል። ሳያርፉ መሄድ ቢችሉ ማን ይጠላል?

የፒያሳ_ነገር፦
እሺ፣ ክብደቱን እንዳልከው አላሰብኩትም ነበር። ተምሬያለሁ።

በሮም_የመጣሁ፦
የኔ ጊዜ ማረፊያው ሮም ነበር። እንደ ጊዜው ይቀያየራል፣ በሎሜ በኩልም አለ። መምህር፣ በሮም ስንት ይሆናል?

ክርና_ሉል፦
በሮም 11,715 አካባቢ፣ ከቀጥታው 150 ብቻ ይበልጣል። በሎሜ ግን 12,750፣ ማለትም ወደ 1,200 ይጨምራል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሎሜ ወደ አሜሪካ "መንገድ ላይ" ትመስላለች፣ ሮምና ደብሊን ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም። ክሩ ግን ተቃራኒውን ነው የሚናገረው።

የሃንጋር_ሰው፦
አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች በክር የተለኩ ናቸው። አውሮፕላን ክር ላይ አይበርም። በተለይ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ሰማይ አብዛኛው ስለተዘጋ በዚያ በኩል ያልፉ የነበሩ በረራዎች ዞረው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ እናትሽ በእውነት የምትበረው ከ11,830ም ይበልጣል። ስንት እንደሆነ በዕለቱ የሚወሰን ነው፣ ነፋሱም አይቶ ነው መንገዱ የሚወጣው።

ሬሆቮት፦
ይህን ውይይት ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበብኩ ነው። ሰማይ ስለመዝጋት ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ 2,590 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ 4 ሰዓት። እናቴ ግን በዚያ አልመጣችም። በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር ገጠር ወጥተው ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ጫካ እየተደበቁ በእግር ሱዳን ገቡ። መጠለያው ውስጥ ብዙ ሰው አለቀ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም እዚያ ቀረ። ከዚያ ሌሊት በአውቶቡስ ካርቱም ወስደው አውሮፕላን ላይ አሳፈሯቸው።

ከካርቱም ቴል አቪቭ በክር ቢለካ 1,840 ኪሎ ሜትር ነው። ግን ሱዳን ወደ እስራኤል በቀጥታ የሚሄድ አውሮፕላን ስለማትፈቅድ በብራስልስ ነው የወሰዷቸው። ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው፣ የሙሴ ዘመቻ የሚባለው ማለት ነው፤ ወደ 8,000 ሰው በዚህ መንገድ መጥቷል። ዛሬ መምህር ባሉት መንገድ ለካሁት። ካርቱም ብራስልስ 4,660፣ ብራስልስ ቴል አቪቭ 3,250። ወደ 7,900 ኪሎ ሜትር። ከአራት እጥፍ በላይ።

እናቴ ብራስልስ ሲያርፉ ትዝ ይላታል። ከመስኮቱ መብራት ብቻ ነው የታያት። "ኢየሩሳሌም ይህች ናት?" ብላ አጠገቧ ያለውን ሰው ጠየቀችው። "ገና ነን" አላት። አውሮፓ መድረሷን ያወቀችው ከዓመታት በኋላ ነው። ለምን እንደዚያ እንደዞሩ በቁጥር አይቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ማታ ደውዬ እነግራታለሁ።

ክርና_ሉል፦
እናትዎን ዕድሜ ይስጥልን። ካልቸገርዎት ይህን ታሪክ ስም ሳልጠቅስ ለተማሪዎቼ ልንገራቸው? ርቀት ስናስተምር መልክዓ ምድሩን ብቻ ነው የምናነሳው።

ሬሆቮት፦
በደስታ መምህር። አጎቴ መጠለያው ውስጥ መቅረቱንም አይርሱብኝ።

የደለስ_ሹፌር፦
እህቴ፣ እኔ ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ 11 ዓመቴ ነው። ቁጥሩን ለሊቃውንቱ ትቼ ስለ እናታችን ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ደብሊን ላይ አይወርዱም። ነዳጅ እስኪቀዳ እዚያው ወንበራቸው ላይ ይቆያሉ። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡ እናቶች አውሮፕላኑ ሲያርፍ የደረሱ መስሏቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ይነሳሉ። ከዚያ ተቀመጡ ሲባሉ ይደነግጣሉ።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። ቲኬቱ ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነው። 22:30 ካለ ማታ 4:30 ነው። ይህን ባለማስተዋል በረራ ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ። በበጋቸው አዲስ አበባ ከእኛ በ7 ሰዓት ትቀድማለች፣ በክረምታቸው በ8። ማታ ተነስተው፣ ከ16 ሰዓት በላይ ተጉዘው፣ እዚህ ሲደርሱ ጠዋት ነው። ሰውነታቸው ግን ከሰዓት በኋላ ሆኖበታል።

ሦስተኛ፣ ደለስ ሲደርሱ ትልቅ አውቶቡስ የመሰለ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ክፍል ውስጥ ያስገቧቸውና ወደ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ይነዷቸዋል። እናቴ ስትመጣ ሌላ ትንሽ አውሮፕላን መስሏት "ደግሞ ልንበር ነው?" ብላ ነበር። ንገሪያቸው፣ መኪና ነው።

ዊልቸር አስይዢላቸው። መራመድ ቢችሉም አስይዢ። የሚገፋቸው ሰው ወረፋውንም፣ ወረቀቱንም ያሳልፍላቸዋል፣ ብዙ ጊዜም አማርኛ የሚናገር ይገኛል። ቋንጣ እንዳይዙ፣ ሥጋ አያስገቡም። በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም፣ ሲጠየቁ ግን ምግብ ይዣለሁ ይበሉ።

የቢሾፍቱ_ልጅ፦
ከኛ አካባቢ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። የሃንጋር ሰው፣ እዚያ ሲጀመር ከነጭነቱ በቀጥታ ዋሽንግተን ይገባል ማለት ነው?

የሃንጋር_ሰው፦
1,900 ሜትር አካባቢ አሁንም ከፍታ ነው፣ ነፋሱም የትም አይሄድም። ግን 400 ሜትር ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ማኮብኮቢያው ረዘም ካለ በቶን የሚቆጠር ተጨማሪ ጭነት ወይም ነዳጅ ማለት ነው። ማረፊያው ይቀራል ብዬ ቃል አልገባም። ከቦሌ ይሻላል፣ ይህን በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሬሆቮት፣ ያንተን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ሉል ገዛሁ። ፈትል ስላልነበረን የነጠላዬን ጥለት ክር መዘዝን። ልጄ አዲስ አበባን በአውራ ጣቷ ይዛ እኔ ዋሽንግተን ላይ ሳብኩት። ክሩ እየተንሸራተተ ወደ ስፔን ሲወጣ "እማዬ፣ ብቻውን እየሄደ ነው!" ብላ ጮኸች። ሦስት ጊዜ ደገምነው። ሦስቴም እዚያው ሄደ። ከዚያ ደብሊን ላይ እስፒል ሰክተን በዚያ አዞርነው፤ የተጨመረው ክር ከጥፍሯ ያንሳል።

ግድግዳው ላይ አሁን ሦስት መስመር አለ። ቀዩን አላጠፋችውም። በሰማያዊ በደብሊን አድርጋ "አያቴ ስትመጣ 11,830" ብላለች። በአረንጓዴ ደግሞ ቅስቱን ሠርታ "11,560" ጻፈች። ከጎኑ "ስትመለስ" የሚለውን አልጽፍም አለች፣ አያቴ አትመለስም ብላ።

የደለስ ሹፌር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ዊልቸሩ በስልክ ነው የሚያዘው ወይስ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ቢሮ ይሂድ?

የደለስ_ሹፌር፦
ቲኬቱን የቆረጥሽበት ቦታ ደውይላቸው፣ ከስማቸው ጋር ይመዘግቡታል። በበረራው ዋዜማ ደግሞ ወንድምሽ ይደውልና መመዝገቡን ያረጋግጥ። ቦሌ ላይም ደለስ ላይም እንዲሆን ብለሽ ንገሪያቸው፣ አንዱን ብቻ የሚይዙበት ጊዜ አለ።